ኮምፒዩተር ላይ ትራንዚስተር አይቃጠልም
(ኮምቦልቻ ውስጥ ለኤሌክትሪካል ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት አረፈዳችሁ? ጠዋት ከደሴ ስነሳ ጃኬት ለብሼ ነበር። ሐረጎን ወርጄ እዚህ ስደርስ አወለቅኩት። ይቺን የሙቀት ልዩነት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ ደሴ ላይ ቲቪ፣ ቻርጀር፣ ፍሪጅ የምጠግን ሰው ነኝ። እኔ ጋ የሚመጣው ፍሪጅ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ፍሪጁን 3 ደቂቃ የሚያስጠብቅ ትንሽ ሳጥን ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ውስጡ አንድ ቺፕና አንድ ሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ የሚፈልጉት 12 ቮልት፣ 50 ሚሊአምፔር። 0.6 ዋት፣ ምንም ማለት አይደለም። ለዚህች ብዬ ትራንስፎርመር ባስገባ ሳጥኑ ጡብ ሊያክል ነው። እናም 220ውን ዲሲ አድርጌ፣ በአንድ ትራንዚስተር፣ በአንድ ዳዮድና በአንድ ኮይል ቀጥታ ወደ 12 ላወርደው ወሰንኩ፤ ትራንዚስተሩ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል ይዘጋል፣ ኮይሉ ደግሞ ያለዝበዋል።

መጀመሪያ ቮልቴጁ። 220 ስንል ጫፉ 311 ነው፣ በ1.414 አባዙት። መስመሩ 10 በመቶ ከፍ ካለ 342 ይደርሳል። ስለዚህ 300 ቮልት የሚችለው ኤምፒኤስኤ42 የሚባለው ትራንዚስተር ከጨዋታ ውጪ ነው። ከተቃጠለ ሃይል ቆጣቢ አምፖል ነቅላችሁ የምታገኙት 13003 የሚባለው ትራንዚስተር ግን ዳታሺቱ፣ ማለትም ፋብሪካው የሚያወጣው የአቅም ዝርዝር ላይ ሁለት የቮልት ቁጥር አለው፣ 400 እና 700። ሻጭ የሚነግራችሁ 700ውን ነው። 700ው የሚሠራው ቤዙ፣ ማለትም ትራንዚስተሩን የሚያዘው እግር፣ በደንብ ተዘግቶ ሲያዝ ነው፤ ቤዙ ተንጠልጥሎ ከቀረ የምትተማመኑት 400ውን ብቻ ነው።

እና ኤልቲስፓይስ በሚባል ሲሙሌተር፣ ማለትም ሰርኪትን ኮምፒዩተር ላይ በሚያስሞክር ፕሮግራም ላይ ሳልኩት። ነፃ ነው፣ አውርዱት። ስቸኩል ትራንዚስተሩን መቀየር ረሳሁና መጀመሪያ ያስቀመጥኩት 2ኤን3904 እዚያው ቀረ። ይሄ 40 ቮልት የሚችል ነገር ነው! 311 ቮልት ላይ አስቀምጬው ሲሙሌተሩ ምን አለ? ምንም። ቀጥ ያለች የ12 ቮልት መስመር ሰጠኝ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። የተለመደው የትራንዚስተር ሞዴል፣ ማለትም ሲሙሌተሩ ትራንዚስተሩን የሚያውቅበት የቁጥር ዝርዝር፣ «እዚህ ቮልት ላይ እሰበራለሁ» የሚል ነገር ውስጡ የለም። ስለዚህ በሁለቱ ሌሎች እግሮች፣ በኮሌክተሩና በኤሚተሩ መካከል የሚደርሰውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ራሳችሁ በዓይናችሁ ካላያችሁ ማንም አይነግራችሁም።

ስህተቴን አይቼ የ13003 ሞዴል ከኢንተርኔት አወረድኩ። አሁንም ቆንጆ ነው። በየድኩት፣ ሰካሁት። አንድ ደቂቃ አልሞላም፣ ጧ!

ቁጥሩን አብረን እናስላ። 12ን ለ311 ስታካፍሉ ወደ 4 በመቶ ይመጣል፤ ትራንዚስተሩ ከአንድ ዙር ክፍት መሆን ያለበት ለዚያች ያህል ብቻ ነው። በ50 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50,000 ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ አንድ ዙር 20 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ትራንዚስተሩ በየዙሩ መከፈት ያለበት ቢበዛ ለ0.8 ማይክሮ ሰከንድ ነው። 13003 ደግሞ ቤዙን ካቋረጣችሁበት በኋላም ውስጡ የተጠራቀመው ቻርጅ እስኪወጣ ድረስ አይዘጋም፣ ዳታሺቱ እስከ 4 ማይክሮ ሰከንድ ይሰጠዋል። «ወራጅ አለ» ተብሎ ሁለት ፌርማታ አልፎ እንደሚያቆመው ሹፌር ማለት ነው። በ1 ሚሊሄንሪ ኮይል ላይ 299 ቮልት (311 ሲቀነስ 12) ለ3 ማይክሮ ሰከንድ እንኳ ከቆየ 0.9 አምፔር ይደርሳል። የኔ ኮይል የሚችለው 0.3 ነበር። ኮይሉ ከዚያ በላይ ሲሄድ ኮይልነቱ ይቀርና ሽቦ ይሆናል፣ ቀሪውን ሰማችሁት።

ሲሙሌተሩ ለምን አላሳየኝም? ያወረድኩት ሞዴል ላይ ይሄን የመዝጋት መዘግየት የሚወስነው፣ ቲአር የሚባለው ቁጥር አልተጻፈም። ካልተጻፈ ዜሮ ነው፣ ዜሮ ከሆነ ትራንዚስተሩ ወዲያው ይዘጋል። ስለዚህ አሁን የራሴን ሰርኪት ከመሳሌ በፊት ዳታሺቱ ላይ ያለውን የመለኪያ ሰርኪት እስላለሁ። የመዝጊያው ጊዜ ከዳታሺቱ ጋር ካልተቀራረበ ቲአሩን አስተካክላለሁ፣ እምቢ ካለም ሞዴሉን እጥለዋለሁ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግማሽ ሰዓት ግን አይፈጅም።

በመጨረሻ ሞስፌት ወደሚባለው ሌላ ዓይነት ትራንዚስተር፣ 600 ቮልት ወደሚችለው ሄድኩ። ሞስፌት ይሄ የመዘግየት ጣጣ የለውም። የራሱ ጣጣ ግን አለው፦ ካፓሲታንስ፣ ማለትም ቻርጅ የማጠራቀም ባሕርይ። የሱም፣ የዳዮዱም፣ የኮይሉም ተደምሮ 50 ፒኮፋራድ ብንል፣ በ311 ቮልት በተከፈተ ቁጥር 2.4 ማይክሮጁል ይቃጠላል። በሰከንድ 50,000 ጊዜ ሲሆን 0.12 ዋት። ለስልክ ቻርጀር ምንም አይደለም፤ 0.6 ዋት ለሚሰጥ ሳጥን ግን የሚሰጠውን አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ወደ 25 ኪሎኸርዝ አወረድኩት፤ ኪሳራው በግማሽ ቀነሰ፣ ኮይሉ ተለቅ አለ። ከ20 በታች አትውረዱ፣ ኮይሉ ያፏጭባችኋል። ኤልቲስፓይስ ላይ አልት ይዛችሁ ትራንዚስተሩን ስትነኩት የሚያቃጥለውን ዋት ይስልላችኋል፤ ይቺን ነገር ብዙ ሰው አያውቃትም።

ኤልኤንኬ304 የሚባል 700 ቮልት ሞስፌቱን ውስጡ የያዘ ቺፕ እያለ ምን አደከመህ የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ካገኛችሁት እሱን ግዙ፣ እኔም ለሽያጭ ብሠራ እሱን ነው የማደርገው።

አሁን ወደ ጃኬቴ። ሲሙሌተሩ ካልነገራችሁት ዓለም ሁሉ 27 ዲግሪ ናት። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያለ ሞስፌት ግን 100 ሊደርስ ይችላል፣ ሬዚስታንሱም ወደ እጥፍ ይጠጋል። በ100 ደግማችሁ አስኬዱት። ደሴ ደግሞ በሌላ በኩል ትመጣለች፦ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ብልጭታ በቀላሉ ይዘልበታል። ብዙ ዕቃ የሚነደፈው እስከ 2,000 ሜትር ታስቦ ነው፣ ስለዚህ ቦርዱ ላይ በ311ዱና በሌላው መስመር መካከል ያለውን ክፍተት ሰፋ አድርጉት። ይሄንንም ሲሙሌተር አይነግራችሁም።

ሳጥኑን ይዤ መጥቻለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ኑና እዩት። አብሽሩ፣ አሁን አይፈነዳም። ግን ትራንስፎርመር ስለሌለው 12 ቮልት የምንለው ጎን ራሱ ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ ማንም በጣቱ እንዳይነካ። ነቅዬው እንኳ ካፓሲተሩ 311 ቮልቱን ይዞ ይቆያል። ቆዩ፣ መጀመሪያ ላራግፈው።