ዋጋውን ጻፉት፦ ለሀገር ባህል ልብስ ሻጮች የተዘጋጀ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ! ከኋላ ላላችሁት ይሰማል? ጥሩ።

ስለ ዌብሳይት እንዳወራ ነው የተጠራሁት። የተሰጠኝ ርእስ «ጎብኚን ደንበኛ ማድረግ» ይላል። ሲሰሙት አስማት ያለበት ይመስላል፤ የለበትም። ገጻችሁ ላይ የምትመጣው ሴት ቀሚስ ፈልጋ ነው የመጣችው። ስንት እንደሆነ፣ በልኳ ይገኝ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚደርስላት፣ ብሩን ከላከች በኋላ እንደማትጠፉባት ማወቅ ትፈልጋለች። ይህን ሳትጠይቃችሁ ከነገራችኋት ትገዛለች፣ ቢያንስ ትደውላለች። ካልነገራችኋት ትወጣለች፤ ስትወጣም አታዩዋትም። ሱቅ ውስጥ ብትሆን ፊቷን አይታችሁ «ነይ እስቲ፣ ሌላም አለ» ትሏታላችሁ። ስልክ ላይ ግን ጣቷን አንዴ ነካ ካደረገች ሌላ ሰው ገጽ ላይ ናት።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ቀለም ምርጫና ስለ ውበት ብዙ አላወራም። ቆንጆ ዌብሳይት የሚሠራላችሁ ሰው ሞልቷል። የሚያሸጠው ሌላ ነው።

በዋጋ ልጀምር። «ዋጋ በውስጥ መስመር።» «ለዋጋ ኢንቦክስ ያድርጉ።» ከፌስቡክና ከቴሌግራም ያመጣነው አመል ነው፤ አሁን ዌብሳይት ላይም ገብቷል። ለምን እንደምታደርጉት አውቃለሁ። ተፎካካሪ ዋጋችንን ያየዋል ትላላችሁ፤ እሱማ እህቱን አስደውሎ ካወቀው ቆይቷል። ከጻፈችልን አሳምነን እንሸጥላታለን ትላላችሁ። ሦስተኛው ምክንያት ግን እውነት አለው፤ ዋጋ አይረጋም። በተለይ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ከውጭ በሚገባ ክር የሚሠራ ሰው ዛሬ የጻፈውን ዋጋ ከወር በኋላ ላይደግመው ይችላል።

እሱም ቢሆን መፍትሔ አለው። ዋጋውን ጻፉና ከሥሩ በትንሹ «ይህ ዋጋ እስከ ጥር 30 ይሠራል» በሉ። በልክ የሚሰፋና እንደ ጥለቱ የሚለያይ ከሆነ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብላችሁ ምን ሲጨመር ስንት እንደሚጨምር አስረዱ፤ ጥለቱ እጅጌው ላይም ከሆነ ይህን ያህል፣ ነጠላ ከተጨመረ ይህን ያህል። ዋጋ ሳታይ የምትጽፍላችሁ ሴት አለች፣ አልክድም። ዋጋውን አይታ የምትጽፍላችሁ ግን ግማሹን ወስና ነው የመጣችው። እናንተም ቀኑን ሙሉ «ስንት ነው?» ለሚል መልእክት መልስ ስትጽፉ አትውሉም።

ደግሞ የተደበቀ ዋጋ ጥርጣሬ ያመጣል። «አሜሪካ መሆኔን አይተው ሊጨምሩብኝ ነው» ትላለች ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው። ሁልጊዜ ተሳስታለች እንዳልል፣ እንተዋወቃለን።

ወደ ፎቶ ልለፍ። የእናንተ ሥራ በፎቶ ነው የሚሸጠው፤ ሁለት ችግር ግን አለበት። አንዱ ክብደቱ ነው። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ 3 እና 4 ሜጋባይት ይሆናል። እንዳለ 20 ፎቶ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስትደረድሩ፣ ገጹን የከፈተችው ሰው ከፓኬጇ ላይ 60 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ አወጣች ማለት ነው፤ ያውም ኔትወርኩ ታግሶ ከጫነላት። ቢሮ ውስጥ ዋይፋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሠራላችሁ ልጅ ይህ አይታየውም። ጎግል የገጽ ፍጥነት ሲለካ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ሲታይ ነው ጥሩ የሚለው፤ ያ ትልቅ ነገር በእናንተ ገጽ ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ፎቶ ነው። ፎቶውን ለስክሪን በሚበቃ መጠን አሳንሶ ዌብፒ በሚባለው ፎርማት ማስቀመጥ ብቻ ያንን 4 ሜጋባይት ወደ 200 ኪሎባይት ገደማ ሊያወርደው ይችላል። ለሠሪያችሁ ንገሩት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እግረ መንገዱንም ከላይ በራሱ የሚንሸራተተውን ባነር ያንሳላችሁ። አንብባ ሳትጨርስ ነው የሚሄድባት።

ሌላው ችግር የፎቶው እውነተኝነት ነው። ከፒንተረስት የወረደ፣ ከሌላ ዲዛይነር ገጽ ተቆርጦ ሎጎው የተሸፈነ ፎቶ ደንበኛ ለይታ ታውቃለች። ያዘዘችው ሌላ፣ የመጣላት ሌላ የሆነባት ጓደኛ የሌላት ሴት ያለች አይመስለኝም። የራሳችሁን ሥራ አንሱ። ጥለቱን ክሩ እስኪቆጠር ድረስ ጠጋ ብላችሁ አንሱ፤ ጀርባውን አንሱ፤ ከውስጥ ገልብጣችሁ ስፌቱን አንሱ። ጨርቁ መነን ይሁን ፈትል ጻፉ። «ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ቁመቷ 1 ሜትር ከ68 ነው፣ የለበሰችው ሚዲየም ነው» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ። ይቺ መስመር ብቻዋን ስንት የቴሌግራም ጥያቄ እንደምትቀንስላችሁ ሞክራችሁ እዩት።

አሁን ወደ ማዘዣው ፎርም እንምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ እቆያለሁ፤ ሊገዛ የወሰነ ሰው ሲያመልጥ ያናድዳልና።

ቀሚሱን ወድዳዋለች። ዋጋውን አይታለች። «ይዘዙ» የሚለውን ነካች። የሚመጣላት ምንድን ነው? «አካውንት ይክፈቱ»። ኢሜይል። ፓስወርድ፤ ካፒታል ፊደልም ቁጥርም ያለበት። ፓስወርዱን ይድገሙ። ከዚያ «ፈርስት ኔም»፣ «ላስት ኔም»። የእኛ ሰው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው ያለው፤ ላስት ኔም የትኛው ነው? ከዚያ ዚፕ ኮድ፣ ያውም ቀይ ኮከብ ተደርጎበት፣ ካልሞሉት አያሳልፍም። እስቲ የአያት ኮንዶሚኒየም ዚፕ ኮድ ስንት ነው? አራት ዜሮ ጽፋ ታልፋለች፣ ካለፈላት። ከዚያ ስልክ። ቁጥሯ በ07 ይጀምራል። ፎርሙ «የተሳሳተ ቁጥር» ይላታል፤ ሲሠራ 09ን ብቻ ነዋ የሚያውቀው። የ07 ቁጥር የሚሰጠው ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ በ2015 መጀመሪያ ሥራ ጀምሯል፤ ፎርሙ ግን አልሰማም። በዚህ መሐል ስልኳ ጠራ፣ አነሳች፣ አውርታ ስትመለስ የሞላችው ሁሉ ጠፍቷል። በቃ፣ አትመለስም።

ይህ ፎርም ከውጭ የመጣ ቴምፕሌት፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የመጣ ቅጽ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ ለእሷ አላሰበውም። ለሀገር ውስጥ ገዢ የሚያስፈልጋችሁ ስም፣ ስልክ፣ ሠፈርና አንድ ምልክት ነው። «ጀሞ 1፣ ከታክሲ ማዞሪያው ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር» ብላ እንደልቧ የምትጽፍበት ሰፊ ሳጥን ስጧት፤ ዕቃውን የሚያደርሰው ልጅ እንደሆነ ደውሎ ነው የሚያገኛት። ስልኩን በ09ም በ07ም በ+251ም ተቀበሉ፤ ቁጥሮቹ መሐል ክፍተት ቢኖርም ተቀበሉ። ማስተካከሉ የኮምፒዩተሩ ሥራ ነው። የልደት ቀን ምን ያደርግላችኋል? ከሥራው ጋር የማይገናኝ መረጃ መሰብሰብ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሕግ ጣጣም አለው።

አካውንት ማስከፈቱን በተመለከተ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ጃሬድ ስፑል የሚባል አሜሪካዊ የዌብሳይት አጠቃቀም ባለሙያ የጻፈው ነው። አንድ ትልቅ የኦንላይን ሱቅ ከክፍያ በፊት «ይመዝገቡ» የሚል ቁልፍ ነበረው። ሰዎችን አስቀምጠው ሲገዙ ሲያዩዋቸው፣ ገዢዎቹ እዚያ ሲደርሱ ይናደዳሉ፤ እኔ ዕቃ ልገዛ እንጂ ዝምድና ልመሠርት አልመጣሁም የሚል ነገር ይላሉ። ቁልፉን አንስተው በቦታው «ይቀጥሉ» የሚል አደረጉ፣ ለመግዛት አካውንት አያስፈልግም የሚል አጭር ጽሑፍም ጨመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ሽያጩ በ300 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። የእኛ ገበያ ያን ያህል እንደማይሆን አውቃለሁ። ቁልፉ ግን አንድ ነው።

ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር፣ የእናንተ ገዢ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንድ በር ለሁለቱም አይበቃም። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ያለችው ገዢ ብዙ ጊዜ ዌብሳይቱ ላይ አትከፍልም። አይታ፣ ወስና፣ ከሰው ጋር አውርታ ነው የምትከፍለው። ስለዚህ ለእሷ ዋናው ቁልፍ «ይደውሉ» እና «በቴሌግራም ይጻፉልን» የሚለው ነው፤ ስልኩን ይዛ ስትወርድም ስትወጣም ከታች ተጣብቆ የሚከተላት መሆን አለበት። ቁጥራችሁ ፎቶ ውስጥ የተጻፈ ከሆነ ነካ አድርጋ መደወል አትችልም። የባንክ ሂሳብ ቁጥርንም እንዲሁ በፎቶ የምታስቀምጡ አላችሁ፤ 13 አሃዝ በዓይኗ እያየች ልትገለብጥ ነው? በጽሑፍ አስቀምጡት፣ አጠገቡ «ኮፒ» የሚል ቁልፍ አድርጉ። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ፣ ኤም-ፔሳ ከ2015 ጀምሮ አለ፤ ሁለቱንም የምትቀበሉ ከሆነ ከዋጋው ሥር ጻፉት እንጂ መጨረሻው ገጽ ላይ አትደብቁት።

ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለችው ደግሞ ሌላ ናት። እሷ ሥራዋን ጨርሳ፣ ብዙ ጊዜ እናንተ ሱቅ ዘግታችሁ ከገባችሁ በኋላ ነው የምታዘው። እዚያው በካርድ ከፍላ ካልጨረሰች ጠዋት ስትነሱ ሐሳቧን ቀይራለች። ለእሷ ዋጋውን በዶላርም አሳዩ፤ የመላኪያውን ሒሳብ ከመጀመሪያው ንገሯት እንጂ መጨረሻ ላይ አትጣሉባት። ደረት፣ ወገብና ቁመት በሜትር እንዴት እንደሚለካ በሥዕል አሳዩ፤ በሴንቲ ሜትርም በኢንችም።

ቀኑን ደግሞ አደራ! «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ነው የሚባለው። ሸማኔው ስንት ቀን እንደሚፈጅበት እናንተ ታውቃላችሁ፣ እሷ አታውቅም። ከኅዳር መግቢያ ጀምሮ ገጹ አናት ላይ «አሜሪካ ላላችሁ ለጥምቀት እንዲደርስ እስከ ኅዳር 30፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 9፣ እዘዙ» ብላችሁ ለጥፉ። በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፤ እዚያ ያደገች ልጅ ኅዳር መቼ እንደሆነ እናቷን ነው የምትጠይቀው። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ለሚዜዎች በጅምላ የሚያዝም አለ፤ ለእሱ የተለየ ቀን አስቀምጡ። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ጽሑፉን አንሱት። በሚያዝያ «ለጥምቀት ይዘዙ» የሚል ገጽ ያየ ሰው ሱቁ የተዘጋ ነው የሚመስለው።

ስለ ፊደል ትንሽ ልበል። የፍለጋ ሳጥናችሁ ላይ «የሠርግ ቀሚስ» ብላችሁ ጻፉ። መጣ? አሁን በእሳቱ ሰ «የሰርግ ቀሚስ» በሉ። ብዙ ጊዜ «ምንም አልተገኘም» ይላችኋል፤ ቀሚሱ እዚያው ተሰቅሎ እያለ! ኮምፒዩተሩ ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ሀ፣ ፀ እና ጸ፣ ዐ እና አ አንድ ድምፅ መሆናቸውን የሚያውቀው ከተነገረው ብቻ ነው። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፉም ሞልተዋል፣ እነሱንም አስቡ። የፊደሉን መጠን ደግሞ ከፍ አድርጉት። ፊደላችን የሚለያየው በትንንሽ ቅጥያ ነው፤ ለእንግሊዝኛ የሚበቃ መጠን በአማርኛ ዓይን ያደክማል፤ መስመሮቹም ይራራቁ። በግራጫ ላይ ቀጭን ወርቃማ ጽሑፍ ያምራል፣ ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልክ ለሚያይ ሰው ባዶ ገጽ ነው።

ይህን ሁሉ አስተካክላችሁ ስታበቁ ደግሞ አትመኑኝ፣ ፈትኑት። የምርምር ገንዘብ አያስፈልግም። ያኮብ ኒልሰን የሚባለው የዚህ ሙያ አንጋፋ ብዙውን ችግር ለማግኘት 5 ሰው ይበቃል ይላል። ዌብሳይቱን አይተው የማያውቁ 5 ሰዎች ፈልጉ፤ አንዷ አክስታችሁ ትሁን። የራሳቸውን ስልክ፣ የራሳቸውን ዳታ ይጠቀሙ። «ለልጅሽ ክርስትና የሚሆን ቀሚስ እዘዢ» በሏትና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። ስትሳሳት «እሱን አይደለም፣ ከታች ያለውን ንኪ» ማለት ያምራችኋል፤ አትበሉ። ገዢዋ ቤቷ ሆና ስትሳሳት አጠገቧ የላችሁም። የት እንደቆመች፣ የት ወደ ኋላ እንደተመለሰች ጻፉ፤ እሱን አስተካክሉ። «ገጹ ቆንጆ ነው ወይ?» ብላችሁ ግን አትጠይቋት፤ ይሉኝታ ይዟት ቆንጆ ነው ትላችኋለች።

እኔ ከዚህ በላይ ባወራ ትሰለቻላችሁ። ፕሮጀክተሩ በርቷል፣ ስልኬም ተያይዟል። ከእናንተ የአንዳችሁን ዌብሳይት ከፍተን በዳታ እስቲ አንድ ቀሚስ ለማዘዝ እንሞክር፤ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እናያለን። ማን ይጀምር? እሺ፣ እርስዎ በሦስተኛው ረድፍ ያሉት፣ አድራሻውን ይንገሩኝ።