ፊፍዝ ዊል ካምፐር በግማሽ ቶን ፒክአፕ፦ ከመግዛታችሁ በፊት በሩን ክፈቱ

[ምስል፦ የፒክአፕ የሾፌር በር ይከፈታል፤ በበሩ ማዕቀፍ ላይ የተለጠፈው ቢጫና ነጭ ስቲከር በቅርበት]

ተራኪ፦ ፊፍዝ ዊል ማለት ከፒክአፑ ኋላ ሳይሆን ካሶኒው ውስጥ ከተገጠመ ማያያዣ ጋር የሚታሰር ተጎታች ካምፐር ነው። ካምፐር ሻጩ ስለ መኪናችሁ ከሚነግራችሁ ሁሉ ይህ ስቲከር ይበልጣል። የተሳፋሪና የዕቃ ክብደት በድምሩ ከዚህ መብለጥ የለበትም ይላል፤ መጠኑንም በኪሎና በፓውንድ ያስቀምጣል። አሜሪካ ውስጥ ፔይሎድ የሚባለው ይህ ነው። ግማሽ ቶን በሚባሉት ፒክአፖች፣ ማለትም በፎርድ ኤፍ 150፣ በራም 1500፣ በሸቭሮሌ ሲልቨራዶ 1500ና በቶዮታ ቱንድራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,300 እስከ 1,900 ፓውንድ ነው። በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት መኪኖች እንኳ በብዙ መቶ ፓውንድ ሊለያዩ ይችላሉ። የሚከፈት ጣሪያ፣ ፎር ዊል ድራይቭ፣ ትልልቅ ቸርኬ ሁሉ ክብደት ነው፤ ክብደቱም ከፔይሎዱ ይቀነሳል። ስለዚህ ብሮሹሩን ትታችሁ የራሳችሁን መኪና በር አንብቡ።

[ምስል፦ የማስታወቂያ ገጽ፤ "11,000 ፓውንድ ይጎትታል" የሚል ጽሑፍ]

ተራኪ፦ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጎተት አቅም ነው። ያ ቁጥር ውሸት አይደለም። አምራቾች የሚለኩት ጄ2807 በሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር መስፈርት ነው፤ ከፈተናዎቹ አንዱ አሪዞና ውስጥ በዴቪስ ዳም አጠገብ የሚጀምረው 11.4 ማይል ዳገት ነው። ነገር ግን በስሌቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሾፌሩና አንድ ተሳፋሪ ብቻ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው 150 ፓውንድ ይያዛል። አራት ሰው፣ የበረዶ ሳጥን፣ የመሣሪያ ሳጥንና የከባድ ሂች (ካምፐሩ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ብረት) ክብደት እዚያ ውስጥ የለም። ፊፍዝ ዊል ሲሆን ደግሞ ከመጎተት አቅሙ ቀድሞ የሚያልቀው ፔይሎዱ ነው። ለምን እንደሆነ እንይ።

[ምስል፦ ከጎን የተሣለ ሥዕል፤ ኪንግ ፒኑ ከኋላ አክስሉ በላይ ተቀምጦ፣ ቀስት ወደ ታች]

ተራኪ፦ አሜሪካ ውስጥ ሴሚ፣ ማለትም ትልቁን የጭነት መኪና፣ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን አያያዝ በደንብ ያውቁታል። ሰሌዳ አለ፣ መንጋጋ አለ፣ ከተሳቢው ሆድ የሚወርድ 2 ኢንች ውፍረት ያለው ኪንግ ፒን አለ። የካምፐሩም ያው ነው። ልዩነቱ የሴሚው ትራክተር ለዚያ ሸክም ታስቦ መሠራቱ ነው። ከፒክአፑ ኋላ በኳስ የሚታሰር ተራ ካምፐር ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን መኪናው ላይ ይጥላል። ፊፍዝ ዊል ግን ከ15 እስከ 25 በመቶ ይጥላል፤ ለስሌት 20 በመቶ ያዙ። ሸክሙ ከኋላ አክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሚያርፍ ካምፐሩ በነፋስም ሆነ ትልቅ መኪና ሲያልፈው ብዙም ወዲያ ወዲህ አይወዛወዝም። ፊፍዝ ዊል የሚወደደው ለዚህ ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው ግን በፔይሎድ ነው።

አሁን በቁጥር እንሥራው። የመኪናችሁ ስቲከር 1,750 ፓውንድ ይላል እንበል። ሁለት አዋቂና ሁለት ልጅ 480፣ መደበኛ ሂች ከነሐዲዱ 130፣ በረዶ ሳጥንና መሣሪያ 80። ድምሩ 690 ነው፤ ለኪንግ ፒኑ የሚተርፈው 1,060 ፓውንድ ብቻ። ይህ 20 በመቶ ከሆነ የምትጎትቱት ካምፐር ሙሉ ዕቃውን ይዞ ከ5,300 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ተጭኖ 8,000 ፓውንድ የሚመዝን ፊፍዝ ዊል ብትገዙ ኪንግ ፒኑ ላይ ብቻ 1,600 ያርፋል፤ በ540 ፓውንድ አለፋችሁ። ባልና ሚስት ብቻ (330 ፓውንድ) ከሆናችሁ፣ 40 ፓውንድ ገደማ የሚመዝን የአሉሚኒየም ሂች ከገጠማችሁና ዕቃችሁን 50 ላይ ከገታችሁ ደግሞ ለፒኑ 1,330 ይተርፋል፤ ካምፐሩ እስከ 6,650 ሊደርስ ይችላል።

"በግማሽ ቶን የሚጎተት" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባቸው ካምፐሮች አሉ። ይህ የንግድ አነጋገር ነው፤ ከጀርባው የመንግሥት መለኪያ የለም። ሌላው ወጥመድ ባዶ ክብደት ነው። ብሮሹሩ የፒኑን ክብደት 1,150 ካለ፣ ያ ካምፐሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ነው። አንድ ጋሎን ውኃ 8.34 ፓውንድ ነው፤ 40 ጋሎን ታንክ ሲሞላ 334 ፓውንድ ይሆናል። "20 ፓውንድ" የሚባለው የፕሮፔን ሲሊንደር ከነብረቱ ሲሞላ ወደ 37 ይደርሳል። ሲሊንደሮቹ፣ ባትሪውና ትልቁ የዕቃ ማስቀመጫ ደግሞ በብዙዎቹ ፊፍዝ ዊሎች ላይ ከፊት ነው ያሉት፤ እዚያ የምትጨምሩት አብዛኛው ክብደት ኪንግ ፒኑ ላይ ይወርዳል። የታንኩ ቦታ ከካምፐሩ አክስል ኋላ ከሆነ ግን ውኃው የፒኑን ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ ሥዕሉን አይታችሁ ታንኩ የት እንዳለ እወቁ።

ለግማሽ ቶን በምቾት የሚመጡ ፊፍዝ ዊሎች ጥቂት ናቸው። ሚኔሶታ የሚሠራው ባለ 19 ጫማው የፋይበርግላስ ስካምፕ ከእነሱ አንዱ ነው። ባለ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ሦስት ጎኑ የሚዘረጋ ካምፐር የሚፈልግ ቤተሰብ ግን ወይ ባለ ሦስት አራተኛ ቶን ወይ ባለ አንድ ቶን መኪና ይፈልግ። በዚህ ላይ ማለሳለሻ የለንም።

[ምስል፦ የካት ስኬል ሚዛን፤ ፒክአፑና ካምፐሩ በሦስት ሰሌዳዎች ላይ]

ተራኪ፦ ግምቱን በእውነተኛ ክብደት ለመተካት በትላልቅ የነዳጅ ማደያዎች ወዳለው ካት ስኬል ወደሚባለው የጭነት መኪና ሚዛን ሂዱ። ነዳጅ ሙሉ፣ ቤተሰቡ ውስጥ፣ ዕቃው እንዳለ። የፊት አክስል በመጀመሪያው ሰሌዳ፣ የኋላው በሁለተኛው፣ የካምፐሩ ጎማዎች በሦስተኛው ላይ ይሁኑ። ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ከዚያ ካምፐሩን ማቆሚያው ላይ ፈትታችሁ መኪናውን ብቻ፣ ያንኑ ሰውና ሂቹን እንደያዘ፣ ድጋሚ መዝኑ። ድጋሚ ሚዛን ዋጋው ይቀንሳል። ተያይዞ ሲመዘን የመኪናው ሁለት አክስል ስንት ነበር? ከዚያ ላይ የመኪናውን የብቻ ክብደት ቀንሱ፤ የኪንግ ፒኑ ክብደት ያ ነው። ቀጥሎ ተያይዞ ሲመዘን የነበረውን የኋላ አክስል ቁጥር በሩ ላይ ለኋላ አክስል ከተፈቀደው ጋር አስተያዩ። ብዙ ሰው ጠቅላላውን አይቶ ይህን ያልፈዋል፤ ፊፍዝ ዊል ግን ሸክሙን በሙሉ ለማለት ይቻላል የሚጥለው እዚያ ነው። ሚዛኑ የሥራ ቦታ ስለሆነ ጭነት የያዙ ሾፌሮችን እንዳታጉላሉ፣ ወረፋ በሌለበት ሰዓት ሂዱ።

[ምስል፦ የፒክአፑ ኋላ ዝቅ ብሎ፤ ከዚያ የአየር ፊኛ ተነፍቶ ቀና ሲል]

ተራኪ፦ ራም 1500 ከ2009 ጀምሮ ከኋላው ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ ነው ያለው፤ ስለዚህ በሸክም ቶሎ ዝቅ ይላል። ሰዎች የአየር ፊኛ ገጥመው መኪናው ቀና ሲል ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። ፊኛው የሚያስተካክለው ቁመናውን ነው። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ፣ ቸርኬውና ሻንሲው እንደነበሩ ናቸው፤ የበሩ ቁጥርም አይለወጥም። ጎማም ቢሆን እንዲሁ፦ ሎድ ሬንጅ ኢ የሚባለው ጠንካራ ጎማ እስከ 80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይነፋል፣ ጎኑ አይልፈሰፈስም፣ ለዚህ ሥራ ይመረጣል፤ ፔይሎድ ግን አይጨምርም።

[ምስል፦ ካሶኒው ከላይ፤ የመለኪያ ሜትር ከአክስሉ መሐል እስከ ጋቢናው ጀርባ]

ተራኪ፦ አሁን ወደ ካሶኒው። ብዙ የግማሽ ቶን ባለ አራት በር መኪኖች ካሶኒያቸው 5 ጫማ ተኩል ነው። የካምፐሩ ስፋት 96 ኢንች ከሆነ ከኪንግ ፒኑ እስከ ጥጉ 48 ኢንች አለ። በጠባብ ቦታ ወደ ኋላ ስትጠመዝዙ ያ ጥግ ወደ ጋቢናው ይመጣና የኋላ መስታወቱን ይሰብራል። መፍትሔው ወደ ኋላ የሚንሸራተት ሂች ነው። በእጅ የሚንሸራተተውን ከመጠምዘዛችሁ በፊት ወርዳችሁ ትከፍቱታላችሁ፤ ራሱ የሚንሸራተተው ውድና ከባድ ነው፣ ክብደቱም ያው ከፔይሎዱ ይቀነሳል። 8 ጫማ ካሶኒ ያለው ይህ ጭንቀት የለበትም። አንዳንድ አምራች ለአጭር ካሶኒ ፊፍዝ ዊልን ጨርሶ አይፈቅድም፤ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አንብቡ።

የሂቹ ሐዲድ የሚታሰረው ከሻንሲው ጋር ነው። ቡሎኑን በካሶኒው ቆርቆሮ ላይ ብቻ ያሰረ ሰው መጀመሪያ ጠንካራ ፍሬን ሲይዝ ቆርቆሮው ይቀደድበታል። ኤፍ 150 ከ2015 ጀምሮ ካሶኒው አሉሚኒየም ስለሆነ ለዚያው መኪና የተሠራ ማያያዣና ድጋፍ ግዙ። ካምፐሩን አግኝታችሁ ስታስተካክሉ፣ በካምፐሩ ሆድና በጎን ስፖንዳው መካከል ቢያንስ 5 ኢንች ተኩል ወይም 6 ኢንች ይኑር። ካነሰ ጉድጓድ ሲገጥማችሁ ካምፐሩ ስፖንዳው ላይ ይወርዳል።

[ምስል፦ መንጋጋው በባትሪ ብርሃን ከጎን ሲታይ]

ተራኪ፦ ማያያዝ ላይ ቀስ እንበል፤ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነውና። ለካምፐሩ ጎማ በፊትም በኋላም ታኮ አድርጉ። የኋላ ስፖንዳውን አውርዱ። የካምፐሩን የፊት እግሮች እያሳጠራችሁ የኪንግ ፒኑ ሰሌዳ ከሂቹ ሰሌዳ ግማሽ ኢንች ያህል ዝቅ እንዲል አድርጉ፤ ወደ ኋላ ስትመጡ ሂቹ በተዳፋቱ ገብቶ ራሱ ያነሣዋል። ካምፐሩ ከፍ ብሎ ከቀረ ፒኑ መንጋጋው መሐል ሳይገባ አናቱ ላይ ይቀመጣል። እጀታው የተዘጋ ሊመስል ይችላል፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን ካምፐሩ ይለቅና ሁለቱን ጎን ስፖንዳ ይጨፈልቃል። ስለዚህ እጀታውን አትመኑ። ባትሪ ይዛችሁ መንጋጋው ፒኑን ዙሪያውን ጨብጦ እንደሆነ፣ በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከልም ክፍተት እንደሌለ እዩ።

ከዚያ የደኅንነት ፒኑን ክተቱ፣ ባለ ሰባት እግሩን ሶኬት ሰኩ፣ የድንገተኛ ፍሬኑን ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር እሰሩ። ከሂቹ ጋር አትሰሩት፤ ሂቹ ከተነቀለ አብሮ ይሄዳል፣ ፍሬኑም አይያዝም። የፊት እግሮቹን ከመሬት 1 ወይም 2 ኢንች ብቻ አንሡ። አሁን ታኮው እንዳለ፣ የካምፐሩን ፍሬን ከመኪናው ውስጥ በእጅ ይዛችሁ በቀስታ ወደ ፊት ጎትቱ። ፒኑ ካልያዘ ካምፐሩ የሚወድቀው ያን 1 ወይም 2 ኢንች ነው፣ በእግሮቹ ይቆማል። ካልተንቀሳቀሰ እግሮቹን እስከ መጨረሻው አንሡ፣ የኋላ ስፖንዳውን ዝጉ፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት ፈትሹ፣ ታኮውን አንሡ።

[ምስል፦ ባዶ ሜዳ ላይ ፒክአፑና ካምፐሩ፤ የፍሬን መቆጣጠሪያው ቁልፍ]

ተራኪ፦ የካምፐሩ ኤሌክትሪክ ፍሬን ጥንካሬ የሚስተካከለው ደረቅና ሜዳ አስፋልት ላይ ነው። በሰዓት ከ20 እስከ 25 ማይል እየሄዳችሁ መቆጣጠሪያውን በእጅ ብቻ ጫኑ፤ ጎማው እስኪቆልፍ ኃይሉን ጨምሩ፣ ከዚያ ትንሽ ቀንሱ። ካምፐሩ ባዶ ሲሆንና ሲሞላ መጠኑ ስለሚለያይ ጭነት በቀየራችሁ ቁጥር ድገሙት።

ዳገት ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ከፍታ ከኃይሉ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ከዴንቨር በአይ 70 ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው አይዘንሃወር ዋሻ ሲደርስ ከ11,000 ጫማ በላይ ነው፤ ሲሶው ኃይል ሄዷል። ከባዱ ግን መውጣቱ አይደለም፣ ከዋሻው ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ታች ማርሽ ግቡ፣ የመጎተቻ ሞዱን አብሩ። ፍሬን ላይ እግራችሁን አሳርፋችሁ አትውረዱ፤ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቁ፣ ይቀዝቅዝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሳቢ ለሚጎትት ሁሉ ጣሪያው 55 ማይል ነው። የካምፐር ጎማ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በአነስተኛ አየር፣ በሙቀትና በዕድሜ ነው፤ ጎኑ ላይ ካለው ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። "2321" ማለት የ2021 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ጥርሱ ቢተርፍም ስድስት ዓመት ካለፈው ቀይሩት። ጎማ ከተፈታ በኋላ ዳዶዎቹን በ50 ማይልና በ100 ማይል ላይ ቆማችሁ በቶርክ ሬንች ድጋሚ አጥብቁ፤ ልኩ በካምፐሩ መመሪያ ላይ አለ።

[ምስል፦ ማታ፣ የካምፕ ቦታ፤ ካምፐሩ ሲፈታ]

ተራኪ፦ ስትፈቱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ የሚጀምረው ግን ሁልጊዜ በታኮው ነው። የፊት እግሮቹ መሬት ይዘው ሸክሙን ከሂቹ ላይ እስኪቀበሉ አውርዱ። እጀታው ከጠበቀ መዶሻ አታምጡ፤ ፒኑ መንጋጋውን እየጎተተ ስለሆነ መኪናውን ወደ ኋላ ጥቂት ገፋ አድርጋችሁ ፓርክ ላይ አስገቡ፣ ይላላል። ሶኬቱን ንቀሉ፣ የድንገተኛ ፍሬኑን ሽቦ ፍቱ። የኋላ ስፖንዳውን አውርዱ፤ ይህን የረሳ ሰው ኪንግ ፒኑን በስፖንዳው ሊያሳልፍ ይሞክራል፣ ስፖንዳው ይታጠፋል። ከዚያ ግማሽ ጫማ ያህል ብቻ ወደ ፊት ሂዱና ቆማችሁ ውረዱ፤ እግሮቹ በለስላሳ አፈር ውስጥ እየሰመጡ ከሆነ ሂቹ አሁንም ከስሩ ስላለ ካምፐሩ መሬት አይመታም። ከእግሮቹ ሥር ጣውላ አድርጋችሁ ድጋሚ ሞክሩ።