ከሥልጠናው በኋላ ዋስ የሚሆናቸው ማን ነው?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ወጣቶቹን ወደ ፊት ኑ ብያቸው እንቢ ብለዋል፤ ከምሳ በኋላ ግን የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

የኮምቦልቻና የአካባቢዋ ወጣቶች ጉዳት አንድ ጊዜ ደርሶ ያለፈ አይደለም። ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ እስከ ኅዳር ማብቂያ ሲቆይ ፋብሪካው ተዘረፈ፣ ሱቁ ተሰበረ። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምትልክበት የአጎዋ ገበያ ተሰረዘች፤ በኢንዱስትሪ ፓርካችን ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ልጆች እንጀራ ተናጋ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላው ክልላችን ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። «ጦርነቱ አልቋል፣ የቀረው መልሶ ማቋቋም ነው» የሚል ዕቅድ ይዞ የሚመጣ ሰው የኛን አገር አላየም ማለት ነው።

ትምህርቱም አላስጠጋቸውም። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ናቸው። ወራት ሙሉ ክፍል ያልገባ ልጅ ከዚህ ምን ይጠብቃል? ደላላው ይህን ያውቃል። በባቲ፣ በአፋር፣ በጅቡቲዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ በኦቦክ አድርጎ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳውዲ የሚወስደው መንገድ ለወሎ ልጅ አዲስ አይደለም። በዚያው ዓመት ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን ከሳውዲ ለመመለስ ስምምነት ሲደረግ፣ ከተመለሱት ብዙዎቹ ይዘው የገቡት የቤተሰብ ዕዳ ነው።

ለእነዚህ ልጆች የምንሰጠው ምንድን ነው? ሥልጠና። ሥልጠና አልጠላም፤ ግን የንግድ ሥራ ክህሎት ሥልጠና ሦስት ጊዜ ወስዶ ሦስት የምስክር ወረቀት የያዘ፣ መበየጃ ማሽን ግን የሌለው ልጅ በየሰፈሩ አለ። ገንዘብ ጠፍቶም አይደለም። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሟል። ልጁ ብድር ሊጠይቅ ሲሄድ የሚጠየቀው መያዣ ወይም የቡድን ዋስትና ነው። መታወቂያው ቤቱ ውስጥ ተቃጥሏል፤ ተፈናቅሎ የመጣ ከሆነ ቀበሌው አያውቀውም። በቡድን ቢደራጁ አንዱ በሌሊት ወደ ባቲ መንገድ ሲወጣ ዕዳው በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ ማንም የማያውቀውን ሰው አያስገባም።

የሥራ አመራር ኮሚቴው ዛሬ የሚያቀርብላችሁ ሐሳብ ይኸው ነው፦ ለሥልጠና ከያዝነው በጀት አብዛኛውን ወደ ዋስትና እናዙረው። ገንዘቡ በባንክ ታግዶ ይቀመጥና መያዣ ይሁን፤ የልጁን ጠባይ ደግሞ ዕድሩና አበጋሮቹ ይመስክሩ። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች የትኛው ልጅ ሠርቶ እንደሚከፍል ከየትኛውም ቅጽ በላይ ያውቃሉ።

«ገንዘባችን ቢበላስ?» የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። የተወሰነው ይበላል። ይህን አውቀን እንግባበት።

አከፋፈሉም እንደ ሥራው ይሁን። በግ የሚያሞክት ልጅ የሚሸጠው ለገና፣ ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ነው፤ በየወሩ ክፈል ከተባለ ሳይሰባ ይሸጠዋል። ሽንኩርት የሚነግደው መንገድ በተዘጋ ቁጥር ጭነቱ ይበሰብስበታል፤ ለእሱ የእፎይታ ጊዜና በጋራ የሚቆጥቡት የመጠባበቂያ ሣጥን ያስፈልጋሉ። መንገዱ ዳግም እንደሚዘጋ አስበን ካልጀመርን የምናቋቁመው ለአንድ ክረምት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ አልደራደርም። በጦርነቱ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ልጆቻችን ስፌት ማሽን ሲቀበሉ ፎቶግራፍ አይነሱ፤ በባነር ሥር አይሰለፉ። ማስረጃ የሚፈልግ ለጋሽ ካለ ደረሰኙን እናሳየዋለን። ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት የምትፈልግ ልጅም ምክንያቷን ለኮሚቴ ሳታስረዳ የትራንስፖርት ወጪዋ ይሸፈን።

ከሻይ ዕረፍት በፊት የሒሳብ ሪፖርቱን ትሰማላችሁ። ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ ይናገራሉ፤ ቀጥሎ የዋስትናው ሐሳብ ለድምፅ ይቀርባል። የዕድር ዳኞች ከድምፁ በፊት ጥያቄያችሁን አንሡ፤ ፊርማው የእናንተ ነውና። ጉባኤው ተከፍቷል።