ዩ ስትሪት የማን ሰፈር ነው?

[ምስል፦ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናይንዝ ስትሪት። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤቶች፣ የአማርኛ ታፔላዎች፣ አጠገባቸው አዲስ የመስታወት ሕንፃ።]

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪትና ናይንዝ ስትሪት ላይ አንድ ቀን ክትፎ ወይም ጥብስ ያልበላ የዲሲ ሐበሻ ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ሰፈሩን እንደ ራሳችን ነው የምናየው። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም።

በ2005 (በዚህ ቪዲዮ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) እዚህ የሚነግዱ ኢትዮጵያውያን አንድ ጥያቄ አነሱ። ይቺ ብሎክ በይፋ "ሊትል ኢትዮጵያ" ትባልልን አሉ። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በ2002 ተፈቅዶ ስለነበር፣ እዚህስ ለምን ይቀርብናል ነው። ከሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን መካከል ግን ጠንካራ ተቃውሞ መጣ። ምቀኝነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እነሱ የሚያዩትን ለማየት ግን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

[ምስል፦ የሃዋርድ ቲያትርና የሊንከን ቲያትር የድሮ ፎቶዎች።]

ጥቁር ሰው መሃል ከተማ ቲያትር ገብቶ እንደ ልቡ በማይቀመጥበት ዘመን፣ ዩ ስትሪት የራሱ ዓለም ነበር። ሃዋርድ ቲያትር በ1910 ተከፈተ፣ ሊንከን በ1922። ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚሁ አካባቢ ነው። ጎዳናውን "ብላክ ብሮድዌይ" ይሉት ነበር። የጥቁር ሐኪም፣ የጥቁር ጠበቃ፣ የጥቁር ባንክ፣ ሁሉም በእግር መንገድ ውስጥ።

ከዚያ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 መጣ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ። ቁጣው የፈነዳው እዚሁ፣ ፎርቲንዝ ስትሪትና ዩ የሚገናኙበት መስቀለኛ አካባቢ ነው። ሱቆች ነደዱ። ብዙዎቹ ተመልሰው አልተከፈቱም። በ1980ዎቹ ደግሞ ለምድር ባቡር ተብሎ ጎዳናው ተቆፈረ፤ የተረፈውም ነጋዴ ደንበኛ ራቀው። ጣቢያው ሥራ የጀመረው በ1991 ነው።

ያንን ሁሉ ችሎ እዚያው የቆየ ሰው አለ። ሰፈሩ መልክ መያዝ ሲጀምር ስሙ በሌላ ሲጠራ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያቅትም።

እኛስ? የኛ ሰው መጀመሪያ የሰፈረው አዳምስ ሞርጋን በሚባል የዲሲ ሰፈር ነበር፣ ኤይቲንዝ ስትሪት ላይ። እዚያ ሬንት ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ናይንዝ ወረደ። የወረደው ርካሽ ስለሆነ ነው። ርካሽ የሆነውም ያ ሁሉ መከራ ስላለፈበት ነው። ይሄንን የሚያነሳ ሐበሻ ግን ብዙም አልሰማሁም።

[ምስል፦ ክሬን፣ አዲስ ኮንዶ።]

ቀጥሎ ኮንዶ መጣ። ከኮንዶው ጋር ደመወዙ ወፈር ያለ፣ በአብዛኛው ነጭ የሆነ ወጣት። በ1970 የዲሲ ነዋሪ 71 በመቶው ጥቁር ነበር፤ በ2011 ከግማሽ በታች ወረደ። ለነዚህ አዲስ ገቢዎች እኛ ነባር ነን። ለአሮጊቷ ጥቁር ጎረቤት ግን አሁንም ትናንት የመጣን።

[ድምፅ፦ የጎ-ጎ ከበሮ።]

ሰቨንዝ ስትሪትና ፍሎሪዳ አቬኑ ጥግ ላይ አንድ የሞባይል መሸጫ አለ። ከ1995 ጀምሮ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ አውጥቶ ጎ-ጎ ያጫውታል። ጎ-ጎ የዲሲ የራሷ ሙዚቃ ነው። በ2019 በአጠገቡ ካለ አዲስ ቅንጡ አፓርትመንት አቤቱታ ሄደ፤ ሙዚቃውም ጠፋ። ያኔ ሰዉ በሺዎች እየሆነ ጎዳና ላይ ወጥቶ ጨፈረ። በቀናት ውስጥ ድምፅ ማጉያው ተመለሰ፤ በ2020 ደግሞ ጎ-ጎ በሕግ የከተማዋ ሙዚቃ ተባለ። ለእንቅልፍ የተቸገረውን ሰው ሙሉ በሙሉ አልኮንነውም። ግን ቤት ከመከራየቱ በፊት ያ ከበሮ ለሃያ ዓመት ሲመታ ነበር።

ለኔ የበለጠ የሚገርመኝ የእሁዱ ፓርኪንግ ነው። የአካባቢው የጥቁር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ምእመናን ሜሪላንድ ገብተዋል። እሁድ ግን ይመለሳሉ፤ ቦታ ስለማይበቃ መኪናቸውን ደርበው ያቆማሉ። አዲሱ ነዋሪ ሲወጣ መኪናው ታግቷል። በ2006 ሎጋን ሰርክል አካባቢ ከተማው መቅጣት እጀምራለሁ ሲል ትልቅ ውዝግብ ሆነ። አንዱ ወገን "እኔ እዚህ አድራለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ" ይላል። ሌላው "አያቴ የተቀበረችው ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ወጥታ ነው" ይላል። ሜሪላንድ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ ነድቶ ናይንዝ ላይ ቡና ሊጠጣ የሚመጣው ሐበሻስ ከየትኛው ወገን ነው?

እንግዲህ ሰዉ ነባርና አዲስ እያለ ይከራከራል እንጂ፣ እኔ እንደማየው ቁርጡን የሚለየው ወረቀት ነው። የቤት ካርታ ያለውና ሊዝ፣ ማለትም የኪራይ ውል ብቻ ያለው።

ቤቱን ለያዘ ነባር የሰፈሩ መወደድ ሀብት ነው። ራሱ ከኖረበት ግብሩ የሚሰላበት ዋጋ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዘል ሕጉ ይይዝለታል። የመኖሪያ ቤት ተከራይም ጥቂት መከላከያ አለው። በአብዛኛው ከ1976 በፊት የተሠሩ ሕንፃዎች የሬንት ቁጥጥር ውስጥ ናቸው፤ ለሬስቶራንት ግን እንዲህ ያለ ቁጥጥር የለም። አብዛኛው የንግድ ሊዝ የሕንፃውን ግብር ጭማሪ ሳይቀር ወደ ተከራዩ ያወርደዋል። ደንበኛው በዛ፣ ሰፈሩ አማረ፣ ባለ ሬስቶራንቱ ግን ሊዙ ሲያልቅ ይወጣል።

ሕንፃውን ቀድሞ የገዛ ሐበሻ ዛሬ እዚያው አለ፤ ያልገዛው ብዙው ሲልቨር ስፕሪንግና ቨርጂኒያ ያለው አሌክሳንድሪያ ገባ። እዚያም ደግሞ ፓርኪንጌን ያዙብኝ የሚል ነባር ነዋሪ አያጣም።