ባቡሯ ለምን ትደክማለች? የሞዴል ባቡር ሽቦ አዘረጋግ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ባቡር ትዞራለች። ማዶ ጥግ ስትደርስ ቀስ ትላለች።]

ተመልከቷት። እዚህ ጋ ስትነሳ ደህና ናት። ማዶ ስትደርስ አቅም ያንሳታል። ዞራ ስትመለስ ደግሞ ነፍስ ትዘራለች።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆች ጋር ሞዴል ባቡር እንሠራለን። አንዱ ይህን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ሞተሯ ደክሟል መሰለኝ» አለኝ። ሞተሯ ምንም አልሆነም። በሽቦው አዘረጋግ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የማሳያችሁ እሱን ነው።

መጀመሪያ ስለ ልኬቱ። ይቺ ባቡር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ታንሳለች። የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሀዲድ ስፋት፣ ማለትም ከአንዱ ብረት እስከ ሌላው፣ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 አካፍሉት፤ 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይኸው፣ በማስመሪያ ለኩት። የድሮው የለገሃር ባቡር ሀዲድ ግን 1 ሜትር ነበር። እሱን መሥራት የሚፈልግ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ይፈልግ።

[ምስል፦ ከጠረጴዛው ሥር ያሉት ሽቦዎች።]

አዲሱ ትልቅ ባቡር ኤሌክትሪኩን ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ይወስዳል። የኛዋ ከሀዲዱ ነው የምትወስደው። አንዱ ሀዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ፣ እስከ 12 ቮልት። የብረት ጎማዎቿ ይቀበላሉ፣ ሞተሩ ይዞራል። ሁለቱን ካቀያየራችሁ ወደ ኋላ ትሄዳለች።

እኔ ሁለት ሽቦ ብቻ አንድ ቦታ ላይ አያያዝኩና ተውኩት። ሀዲዶቹ በትንንሽ ብረት ስለሚጋጠሙ ኤሌክትሪኩ በዚያው ይሄዳል ብዬ። ይሄዳል፤ ግን በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። ከጎረቤት ቆጣሪ መብራት የሳበ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከሱ ደግሞ ሌላው ይስባል። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ የመጨረሻው ቤት አምፖል ይፈዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ባቡሯ ሳትኖር ማዶ ጥግ ላይ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አደረግን። 12 ቮልት! ልጆቹ ግራ ተጋቡ። ባቡሯን እዚያው አቁመን፣ እንዳትሄድ በእጅ ትንሽ ያዝ አድርገን ስንለካ ግን ወደ 8 ወረደ። ኤሌክትሪክ የሚስብ ነገር ከሌለ ቴስተሩ ጉድለቱን አያሳይም። ስለዚህ ሁልጊዜ ባቡሯ እየሳበች ለኩ። ለአፍታ ብቻ ያዟት፣ ሞተሯ እንዳይግል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ወፍራም ሽቦ ዙሪያውን ዘርጉ፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር። ያ የመንገድ ዳር ፖል ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሀዲድ የራሱን ቀጭን ሽቦ ስጡ። እያንዳንዱ ቤት ከፖሉ ይሳብ።

[ምስል፦ የእጅ ቅርብ ምስል፣ ብየዳ።]

አበያየዱን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ሀዲዱን በውጪ በኩል በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። በውስጥ በኩል አይሆንም፣ ጎማው እዚያ ነው የሚያልፈው። ሽቦውን ለብቻው፣ ሀዲዱን ለብቻው የብየዳ እርሳስ አስነኩ። ከዚያ አገናኙና ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ አሙቁ። ግራና ቀኙ ላይ ያስቀመጥኩት እርጥብ ጥጥ ነው። ሙቀቱን ይውጠዋል፤ አለበለዚያ ሥሩ ያለው ፕላስቲክ ይቀልጣል። የብየዳው ጭስ አይጠቅምም፣ ደብረ ብርሃን ቢበርድም መስኮቱን ክፈቱት።

ቀይ ሁልጊዜ የውጪው ሀዲድ፣ ጥቁር የውስጡ። አንድ ቦታ ከተዛባ ሾርት ያደርጋል።

ልጆቹ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጣርማ በር ዋሻ ካልተሠራ ብለዋል። የመኪና ዋሻ እንደሆነ ያውቃሉ፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው የከፍታ ልዩነት 1,500 ሜትር ገደማ ነው። በኛ ልኬት 17 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ የዋሻውን አፍ ብቻ ከፎም እየቀረጽን ነው። ዋሻው ውስጥ ያለውን ሀዲድ ግን ከመሸፈናችን በፊት ሽቦ እናደርግለታለን። በኋላ እጅ አይገባም።

[ምስል፦ ባቡሯ እንደገና ትዞራለች። ልጁ ማዶ ጥግ ላይ ቴስተሩን ይይዛል።]

«ስንት አለ?»

«11.8፣ ጋሼ!»