የታችኛው ደርሶ የላይኛው ሲያብብ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ስለ ሰሊጥ ላውራ። ይልቁንም ሰሊጥ በዘራሁበት የመጀመሪያ ዓመት ስላባከንኩት አንድ ሳምንት።

ሰሊጥ የሚያብበው ከታች ወደ ላይ ነው። የታችኛው ፍሬ ሲደርቅ ጫፉ ላይ ገና አበባ አለ። ይሄን አላውቅም ነበር ልል ነው... አውቅ ነበር። ግን ሳሳሁ። "የላይኛውም ይድረስ፣ ምን ያስቸኩላል?" አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ።

በማግስቱ ማሳው ውስጥ ስገባ ከእግሬ ሥር መሬቱ በፍሬ ተነጣጥቧል። የደረሰ የሰሊጥ ከረጢት፣ ፍሬዎቹን የያዘው ሽፋን ማለቴ ነው፣ ከጫፉ ይሰነጠቅና አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ይቆማል። ግንዱ ዘንበል ካለ አለቀ። ሺህ ፍሬ ቢመዘን 3 ግራም ገደማ ነው። ከአፈር ልልቀም ቢሉት አይለቀምም። ሞክሬያለሁ፤ አትሳቁ።

እዚያ ለመድረስ ያየሁት አበሳ ደግሞ! ጠለቅ ብሎ ከተዘራ አይወጣም። ከወጣ በኋላም ለሳምንታት ቀስ ይላል፤ አረሙ ግን አይጠብቀውም። ድርቅ ይችላል፣ ውሃ ከተኛበት ግን ወዲያው ይጠወልጋል።

በፈረንጆቹ 1943 ዴራልድ ላንግሃም የሚባል ተመራማሪ ቬንዙዌላ ውስጥ ከረጢቱ የማይከፈት ሰሊጥ አገኘ። ይሄን ሳነብ "በቃ፣ ተገላገልን!" ብዬ ነበር። ለካ ለነፋስ እምቢ ያለው ከረጢት ለመውቂያም እምቢ ይላል። በግድ ሲወቃ ፍሬው ይጎዳል። ግማሽ ያህሉ ዘይት የሆነ ፍሬ ተጎድቶ ሲቀመጥ ደግሞ ይበላሻል። ኋላ ላይ ፍሬያቸውን ያዝ አድርገው የሚቆዩ፣ ለማሽን የሚመቹ ዝርያዎች መጥተዋል። ሆኖም ዛሬም በዓለም ላይ አብዛኛው ሰሊጥ በእጅ ነው የሚታጨደው።

እኔም በእጄ ነኝ። አሁን ቅጠሉ ቢጫ ብሎ መርገፍ ሲጀምር፣ የታችኛው ከረጢት አፉን ሳይከፍት አጭዳለሁ። በነዶ አስሬ ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ። ቆሞ ሲደርቅ ከረጢቱ ቢከፈትም አፉ ወደ ላይ ስለሆነ ፍሬው ውስጡ ይቆያል። ከዚያ ሸራ አንጥፌ፣ ነዶውን ዘቅዝቄ መታ መታ ማድረግ ነው። ዝናብ እንደሚመስል ድምፅ አለው፤ በጣም ነው የምወደው።

ጫፍ ላይ ያሉት ጥሬዎች ይቀራሉ። ይሄ አሁንም ቅር ይለኛል። ዘንድሮ ሳጭድ አንዱ ጫፍ ላይ አበባ ነበር፣ ንብ አርፋበት። እስክትነሳ ጠበቅኳትና አጨድኩት።