ፋይሉን አውጡልኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ጎንደር፣ ማራኪ፣ ቤቴ ሆኜ ነው የምቀዳው። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። መብራትም አለ፤ እስከምጨርስ ከቆየልኝ።

ስለ አንድ ኮምፒውተር ላወራችሁ ነው። ሳሎናችን ጥግ ላይ፣ በእናቴ የእጅ ሥራ ዳንቴል ተሸፍኖ የኖረ ዴስክቶፕ ነው። እናቴ በ2006 ዓ.ም. እቁብ ሲደርሳት ነው የገዛችልን። የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ ላይ ተጽፏል። የጥምቀት ፎቶዎቻችን፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የቤቱ ካርታ ስካን፣ ሁሉም እዚያ ነው።

አንድ የድምፅ ፋይልም ነበረበት። በ2012 ዓ.ም. አያቴን እማሆይን ቁጭ አድርጌ ዘር ሲቆጥሩ በስልኬ ቀድቻቸው ነበር። ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኩት። ስልኩን በኋላ ሸጥኩት። እማሆይ በ2015 ዓ.ም. አረፉ። ያን ቅጂ ከቀዳሁበት ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ መልሼ አላዳመጥኩትም። ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፣ አለ ብዬ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማታ መብራት ሄደ። ተመለሰ። ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ሄደ። ኮምፒውተሩ በርቶ ነበር። በማግስቱ ስከፍተው የዊንዶውስ ምልክት አልመጣም። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ፤ የምነሳበት ዲስክ አጣሁ ይላል። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ደግሞ አጠፋሁት፣ አበራሁት። ሰባት ስምንት ጊዜ ሳላደርገው አልቀረሁም። ያን ማድረግ አልነበረብኝም፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

በዚያው ሳምንት የአጎቴ ልጅ የምታገባውን ሰው ለቤተሰብ አሳወቀች። ልጁ የደንቢያ ሰው ነው። የእማሆይም ትውልድ ደንቢያ ነው። እኛ ዘንድ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ተባለ። ማን ይቁጠር? ሁሉም ዞሮ ወደ እኔ አየ። «አንተ ቀድተሃቸው የለም እንዴ?» አለኝ አጎቴ።

ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኜ ፒያሳ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የሚሠራው ልጅ ትሁት ነው። ከፈተ፣ አየ፣ ነገረኝ።

«ወንድም፣ ዊንዶውሱ ነው የተበላሸው። አዲስ ልጫንልህ፣ ከሰዓት ትወስደዋለህ።»

«ፋይሎቹስ?»

«ዲ ላይ ያለው አይነካም። ሲን ብቻ ነው ፎርማት የማደርገው።»

ሲና ዲ የሚባሉት ዲስኩ የተከፈለባቸው ክፍሎች ናቸው፤ ፎርማት ማድረግ ደግሞ ክፍሉን ባዶ ማድረግ ነው። እሺ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለማንኛውም ብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ። የእማሆይ ድምፅ የት ነው ያለው አልኳት። «ፊት ለፊት ነዋ፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ቶሎ እንዲታይ ብዬ እዚያው አድርጌዋለሁ» አለችኝ። ፊት ለፊት ማለት ዴስክቶፑ ላይ ማለት ነው። ዴስክቶፕ ላይ የምናስቀምጠው ደግሞ፣ ሆን ብሎ ቦታውን የቀየረው ከሌለ በስተቀር፣ ሲ ውስጥ ነው። ፎርማት ሊደረግ የነበረው እሱ ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያልኩት «አስተካክልልኝ» ነው። እሱም ሊያስተካክል ተነሳ። ማሽን ማስተካከልና ማሽኑ ውስጥ ያለውን ማዳን ሁለት ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይጋጫሉ። አዲስ ዊንዶውስ ለመጫን ዲስኩ ላይ መጻፍ አለ። ፋይል ለማዳን ደግሞ ዲስኩ ላይ ምንም አለመጻፍ ነው ዋናው። ስለዚህ ጥገና ቤት ስትገቡ መጀመሪያ «ፋይሉን አውጡልኝ፣ ኮምፒውተሩ ይቆየኝ» በሉ። ከዚህ ወሬዬ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙልኝ።

ኮምፒውተሩን አቅፌ ወጣሁ። አንዲት ኮምፒውተር የምታውቅ የሥራ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ሳልጨርስ አቋረጠችኝ። «ከሶኬቱ ንቀለው። እስክመጣ እንዳትነካው።»

ማታ መጣች። ፍላሽ ይዛለች፤ ፍላሹ ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባል በነጻ የሚገኝ ሲስተም ጭናበታለች። ኮምፒውተሩ ሲበራ ኤፍ12 ተጭና ከፍላሹ እንዲነሳ አደረገችው። አንዳንዱ ማሽን ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ ይፈልጋል። ዊንዶውሱን ሳይነካ ተነሳ! እናቴ እልል አለች። ስክሪኑ፣ ራሙ፣ ቦርዱ ደህና ናቸው ማለት ነው። በብዙ ቤት ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ የተበላሸው ዊንዶውሱ ብቻ ከሆነ ፎልደሩን ከፍቶ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው።

የእኛ አላለቀም። ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ ይፈጃል። ዲስኩ እየቆየ ይንተፋተፋል። የራሱን የጤና መዝገብ ከፍታ አየችው፤ ሃርድ ዲስክ ስንት ቦታ ማንበብ እንዳቃተው ራሱ ይመዘግባል። ቁጥሩን አይታ ዝም አለች፤ ወዲያው ማሽኑን አጠፋችው።

እዚህ ላይ ያስረዳችኝን ልንገራችሁ። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። በአብዛኛው ዴስክቶፕ ውስጥ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል። ማንበቢያው ሳህኑን ሳይነካ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ መካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ያንሳል። ሲታመም በበራ ቁጥር ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። ያ የእኔ ሰባት ስምንት ጊዜ ማጥፋትና ማብራት ይህን ነበር የሚያደርገው። ዊንዶውስ ዲስኩን ልፈትሽና ልጠግን ሲልም እሺ አትበሉት፤ ጥገናው ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ የታመመውንም ያደክመዋል። ጎረቤታችን ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት ብሎን ነበር። እርጥበቱ ይጎዳዋል፤ ተዉት። እንደ ሰዓት «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ጭራሽ ካልታየ ደግሞ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ክዳኑን መክፈትማ በፍጹም፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትበቃዋለች።

የእኛ እየተንገዳገደም ቢሆን ይነበባል። ስለዚህ ፋይል አንድ በአንድ መልቀሙን ተወችና የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ለመውሰድ ወሰነች። 500 ጊጋ ነው። ባለ 1 ቴራ ኤክስተርናል ከእህቴ ባል ተዋስን። ዲስኩን ከዴስክቶፑ ፈትታ በኬብል ከላፕቶፕዋ ጋር አገናኘችው። ኬብሉ የራሱ የመብራት መሰኪያ ያለው ነው፤ የዴስክቶፕ ዲስክ 12 ቮልት ይፈልጋል፣ ዩኤስቢ ብቻውን አያስነሳውም።

ፕሮግራሙ ዲዲሬስኪዩ ይባላል፤ እሱም ነጻ ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። መጀመሪያ ደህናውን ቦታ በሙሉ ያነባል። እምቢ ያለውን አልፎት ይሄዳል። ከዚያ ተመልሶ በትዕግሥት እምቢ ያለውን ይለማመጣል። የት እንደደረሰ ደግሞ በአንዲት ትንሽ ፋይል ይመዘግባል። ለእኛ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሌሊት መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ቆየ፤ ዲስኩ ግን ጠፋ። ሲመለስ ካቆመበት ቀጠለ። በነጋታው ከጓደኛ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን ዕቃ፣ ለምኜ አመጣሁ።

ጤነኛ ዲስክ ቢሆን ጥቂት ሰዓት ይበቃው ነበር። የእኛ ሁለት ሌሊት ፈጀ። እንደ በሽተኛ አስታመምነው ብላችሁ ይቀላል። ትንሽ ቬንትሌተር አዞርንበት። እናቴ ቡና አፍልታ አጠገቡ ተቀመጠች። በየመሀሉ «ስንት ደረሰ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። «ተመስገን» ትላለች።

ሲጨርስ ሊነበብ ያልቻለው 34 ሜጋ ብቻ ነው። ከ500 ጊጋ ምንም ነው። ግን ጉዳቱ የት እንዳረፈ ነው ወሳኙ። ዲስክ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚጽፍበት መዝገብ አለው። ከተጎዳው ውስጥ የዚያ መዝገብ ገጾች ነበሩበት። ግልባጩን ስንከፍት የእህቴ ጽሑፍ አለ፤ የሠርጉ ቪዲዮ አለ፤ የዴስክቶፑ ፎልደር ግን ባዶ ነው።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ምንም አላለችም።

ባልደረባዬ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። «መዝገቡ ነው የጠፋው እንጂ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ሊኖር ይችላል» አለች። ፎቶሬክ የሚባለውን ፕሮግራም አስነሳች። ክሪስቶፍ ግሬኒዬ የሚባል ሰው የሠራው ነው፤ ቴስትዲስክ የሚባለውም የእሱ ነው፤ ሁለቱንም በነጻ ነው የሰጠው። እንደዚህ ዓይነት ሰው ሳስብ ልቤ ይሞቃል። አይቶን አያውቅም፤ ለእናቴ ግን ደረሰላት። ፕሮግራሙ መዝገቡን አይጠይቅም። ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ የፋይሎችን መነሻ ምልክት ይፈልጋል። ጄፔግ ፎቶ ሁሉ በአንድ ዓይነት ምልክት ይጀምራል፤ ሌሎቹም የየራሳቸው አላቸው። ያገኘውን ወደ ሌላ ዲስክ ያወጣል። ስም ግን የለም፤ በስም ፈንታ ቁጥር ነው።

ከ900 በላይ የድምፅ ፋይል ወጣ። ስም የሌለው። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ማዳመጫ ሰክቼ አንድ በአንድ ማዳመጥ ጀመርኩ። መዝሙር። የእስክስታ ዘፈን። የእህቴ የእንግሊዝኛ ትምህርት። ማን እንደቀዳው የማላውቀው የዝናብ ድምፅ። በየመሀሉ ፎቶዎቹን አያለሁ። በአንደኛው እማሆይ በ2008 ጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ጥግ፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ ጸበሉ ፊታቸው ላይ ሲረጭ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ያን ፎቶ ማንሳቴንም ረስቼው ነበር።

በሦስተኛው ማታ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። ቡና የሚወቀጥ። ቀጥሎ፦

«ሆዴ፣ እየቀዳህ ነው?»

ማዳመጫውን ነቅዬ እናቴን ጠራኋት። አብረን ሰማነው፤ 41 ደቂቃ ነው። በአባታቸው በኩል እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ ማን ማንን ወለደ፣ ማን ከየት አገባ፣ ማን በየትኛው ደብር ተቀበረ። ስሞቹን እዚህ አልዘረዝርም፤ የቤተሰብ ናቸው። በእናታቸው በኩል ጀመሩ። ሦስት። አራት። አምስት። ከዚያ የስልክ ጥሪ ጮኸ። የእኔ ስልክ።

ቀጥሎ የእኔ ድምፅ ነው። «እማሆይ፣ ሥራ ቦታ እየጠሩኝ ነው። ቀሪውን ሌላ ጊዜ እንጨርሰው።»

«እሺ ሆዴ። እኔ የት እሄዳለሁ።»

ቅጂው እዚያ ላይ ያልቃል። ዲስኩ አንድም ቃል አላጎደለም። እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው።

በኋላ ደጋግሜ አዳመጥኩት፤ እናቴም እንዲሁ። እሷ ናት ያስተዋለችው። ሃያኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ቡናው ሲቀዳ፣ እማሆይ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ይላሉ፦ «የእናቴን ወገንማ ከእኔ ይልቅ ቆላድባ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው አጣርቶ የሚያውቀው።» የዚያን ቀን አልሰማኋቸውም። ሰውዬው በሕይወት አሉ። በዕድሜ በጣም ገፍተዋል፤ አእምሯቸው ግን ንጹሕ ነው አሉኝ።

አሁን ቅጂው አራት ቦታ አለ። አንዱ ኤክስተርናል ላይ፣ አንዱ በፍላሽ ባሕር ዳር እህቴ ጋ፣ አንዱ ጉግል ድራይቭ ላይ፣ አንዱ እናቴ ስልክ ውስጥ። ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ጎንደር በ1880 ዓ.ም. በድርቡሾች ስትቃጠል አብያተ ክርስቲያናቱ ከነንብረታቸው ነደዱ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። በክፉ ቀን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች ይሸሹ ነበር። አንድ ቦታ የተቀመጠ ነገር እንደማያስተማምን ያውቁ ነበር።

አዲስ ላፕቶፕ ላላችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ ዲስካቸው ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ነው፤ ባለ 48 አሃዙን ቁልፍ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ አለበለዚያ ዲስኩ ተፈትቶ ቢወጣም አይነበብም። ዲስኩ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዓይነት፣ ከሆነ ደግሞ የተሰረዘ ፋይል ብዙ ጊዜ በዚያው ይቀራል፤ ፎቶሬክም ላያገኘው ይችላል።

ሠርጉ ለጥር ነው የታሰበው። ሽማግሌዎቹ ቆጠራው እስኪሟላ ይጠብቃሉ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቆላድባ እሄዳለሁ። እናቴ ለአዛውንቱ ቡናና ስኳር አስቋጥራለች። የእህቴን የድምፅ መቅጃ ተውሻለሁ፤ ባትሪውን ትናንት ቀየርኩለት። ስልኬ ቤት ይቀራል።

በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።